የባዶው ጋሪ ክብደት

«ጋሼ ኪሎ» የሚለውን ስም ያወጡለት ጫኞቹ ናቸው። በትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ፣ ሰውም ዕቃም እየመዘነ፣ አውሮፕላኗ ከአቅሟ በላይ እንዳትሸከም ደምሮ ይፈርማል። እሱ ካልፈረመ ሞተር አይነሳም። ለማንም ፊት አይሰጥም፤ አለቃውን እንኳ ሻንጣ አስወርዶት ያውቃል።

በቀደም ምሳ ላይ ፓይለቱ አማቹ፣ «አባባ፣ ሰሞኑን አውሮፕላኗ ከበደችኝ። ስነሳ ዛፎቹን ለጥቂት ነው የማልፋቸው» ቢለው፣ ጋሼ ኪሎ በሳቅ ፈረሰ።

«የከበድከውስ አንተ! የልጄ እጅ ተስማምቶህ!»

ሰባት ወር የገባው ሆዷን ይዛ ልጁም አብራ ሳቀች።

ዛሬ የቀትሩ ፀሐይ አናት ይበሳል። እንዲህ ሲሞቅ ደግሞ አውሮፕላን ቶሎ አይነሳም። ጋሼ ኪሎ አሥራ አንድ ጋሪ ዕቃ ከነጋሪው መዘነ። እንደ ልማዱ ለባዶው ጋሪ አርባ አርባ ኪሎ ቀነሰ። ገና ስልሳ ኪሎ ያስጭናል፤ ፈረመ። ዕቃው ተጭኖ የአውሮፕላኗ በር ተዘጋ።

ይኼኔ አንዱ ጫኝ ባዶ ጋሪ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ሚዛኑ ላይ አሳረፈው። ሚዛኑ ሃያ ሁለት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲሶቹ ናቸዋ ጋሼ! ቀለማቸው ያው ነው እንጂ ቀላል ናቸው። ከመጡ እኮ ሁለት ሳምንት ሆናቸው።»

ጋሼ ኪሎ ክው አለ። አይ ልማድ! በየጋሪው አሥራ ስምንት ኪሎ ሲበላ ከርሟል። አሥራ ስምንት በአሥራ አንድ፣ መቶ ዘጠና ስምንት። ስልሳው ቢነሳለት እንኳ መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ትርፍ ተጭኗል። አውሮፕላኗ ማኮብኮቢያው ጫፍ ደርሳ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራለች። ሞተሯ ጮኸ።

ሬዲዮውን መንጭቆ አነሳ። «አቁም! በልጄ ሞት፣ አቁም!»

መንደርደር ጀምራ ነበር። እንደምንም ቆመች።

አማቹ ወርዶ እየሮጠ መጣ። «ምነው አባባ? ምን ሆኑ?»

«ያከበድኳት እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ኪሎ። የጋሪውን ነገር ነገረው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈረምኩልህ ሁሉ ስህተት ነው።»

አማቹ ዞሮ ዛፎቹን አያቸው።

«አባባ፣ ትናንት እኮ ልጅዎን ለምርመራ ይዣት የበረርኩት በዚችው ነው።»

ጋሼ ኪሎ መች ጠፋው! ሚዛኑ ላይ አቁሞ፣ «ሁለት ሰው በአንድ ቲኬት!» ብሎ ቀልዶባት፣ ሰባ አንድ ኪሎ ብሎ ጽፎ የፈረመው ራሱ ነው።