ብርድ ልብስ አሳሪዋ በሰለችና አልማዝ ባለጭራ

በሰለች ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ ስታሽግ የኖረች ሴት ናት። አጥፋ፣ ደርድራ፣ መጭመቂያው ሥር አስገብታ፣ በጉልበቷ ገፍታ፣ ትርፉን ገመድ ቆርጣ ትዘጋለች። ከእሷ እጅ የወጣ ጥቅል ደሴ እስኪደርስ አይላላም። ይህን ደግሞ ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ ጉራዋ ለጉድ ነው።

ባለፈው የካቲት ግንባሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት፤ እስከ ቀኝ ዐይኗ ቆብ ወረደ። ያየ ሁሉ አልማዝ ባለጭራ ነው አለ። አልማዝ መርፌ ከነካት ትብሳለች ሲባል ሰምታ ያደገች ናትና፣ ሐኪም ቤቱን በደጁ አልፋ አንኮበር፣ ቅጠል አዋቂ ታላቅ ወንድሟ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄደች። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ልጇ ሰርካለም ቦርሳዋን ይዛላት አብራት ተሳፈረች። ወንድምየው ቅጠል ወቅጦ ቀባት። ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። በአሥረኛው ዐይኗ ጭጋግ ሲሆንባት ሐኪም ቤት ገባች። ሐኪሙ አየና "ዘገያችሁ" አለ።

አሁን ቁስሉ ደርቋል። ግንባሯን ብትቆነጥጠው አይሰማትም፤ ቀኝ ዐይኗ ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም። አንዴም አላለቀሰችም። ልቧም እንደ ግንባሯ ደንዝዟል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ልጇን "ግን ምንድን ነው እሱ ነገር?" አለቻት።

ሰርካለም ነገረቻት። በልጅነቷ የያዛት የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ነቃ። ሴሉ ውስጥ ባዶ ቅርፊት ያሠራል፤ ዘሩ የተጻፈበትንም ረጅም ክር ደጋግሞ ይገለብጣል፣ ቅጂዎቹ አንዱ ካንዱ እንደተቀጣጠሉ። ቅርፊቱ አንድ በር አለው። እዚያ የተቀመጠች እንደ ሞተር የምትሠራ ፕሮቲን ክሩን እየገፋች ታጭቃለች፤ የአንድ ቅርፊት ልክ ሲገባ ትቆርጠዋለች፣ በሩም ይደፈናል። ከዚያ ልባስ ለብሶ ወጥቶ ሌላውን ሴል ይይዛል።

"መጭመቂያም መቁረጫም አላት በይኛ" አለች በሰለች። "ደህና ሠራተኛ ናት።"

"አዎ እማዬ።"

"መድኃኒቱስ?"

"ክሩ እንዳይባዛ ያደርጋል። ክር ከሌለ የሚታጨቅ የለም። ግን በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር ነበረበት።"

በሰለች ጭኗ ላይ ያለውን ነጠላ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች።

"አንኮበር ስንሄድም ይህን ታውቂ ነበር?"

ሰርካለም መሬት መሬት አየች። "አውቅ ነበር። ጋሼ ወልደተንሣኤን መዳፈር ፈራሁ።"

በሰለች አልተቆጣችም። መቆጣቱም አልመጣላትም። በደህናው ዐይኗ ልጇን ብዙ አየቻት።

"እኔን ብትዳፈሪኝ ምን ነበረበት?" አለች።