የተረፈው ቤንዚን

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ኤሊ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ መኪና ከገዛ ወዲህ ግን ጭራሽ አመል አወጣ። ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ እግሩን ከቤንዚኑ ላይ ያነሳና መኪናዋ በራሷ እንድትንሸራተት ይተዋታል። ከኋላው ያለው ሹፌር ክላክሱን እያስጮኸ ዘር ማንዘሩን ይሰድበዋል፤ እሱ ወይ ፍንክች!

«ፍሬን በኃይል ከያዝክ ቤንዚኑን ሜዳ ላይ ደፋኸው ማለት ነው» ይለኛል። «ቀድመህ ከለቀቅክ ግን ጎማው ራሱ ባትሪውን ይሞላልሃል።»

«ጋሼ፣ በዚህ አያያዝህ እኮ እግረኛ ይቀድምሃል» እለዋለሁ።

«ይቅደመኛ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

እኔ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነው የምነዳው። ዳቦ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ረግጬ ነው የምሄደው። ሁለታችን አንድ ዓይነት መንጃ ፈቃድ መያዛችን እህቴን ሁልጊዜ ያስቃት ነበር።

እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የያዛት በሽታ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ መርፌ መያዝ አቃታት፤ ሥራዋ እሱን መንዳት ሆነ። ወደ ሆስፒታል ሲመላለሱ ከጎኑ ወንበሩን አዘንብላ ትተኛና፣ ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ስክሪን ከጎማው ወደ ባትሪው የምትሄደውን ቀስት ትከታተላለች። ቁልቁለት ሲመጣ «ልቀቅ» ትለዋለች፤ እሱም «እሺ እመቤቴ» ብሎ እግሩን ያነሳል። «ሹፌሯ እኔ ነኝ፤ እሱ እግር ብቻ ነው» ትል ነበር። መኪናዋ በድንገት ስትያዝ ወይ ስትነጥር ሕመሙ ያስጮኻታል። የሱ እግር ግን አንድም ቀን አስጩኋት አያውቅም፤ ይህን ልክድበት አልችልም።

በመጨረሻ ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አለን። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማዬን ማየት። እናታችን የምትኖረው ከሜዳውና ከረጅሙ ዳገት ማዶ፣ በተወለድንበት ቤት ነው። እግሯ ከዳት፣ ዓይኗም ደከመ፤ እሷ ልትመጣ አትችልም። ያን ሰሞን ደግሞ ማደያዎቹ ሁሉ ደርቀው ነበር። የሱ የቤንዚን ጌጅ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ የኔማ መኪና ቆማለች።

«የሰው መኪና ተውሼ እኔ ልውሰዳት፣ ቶሎ አደርሳታለሁ» አልኩት።

«አንተ ስትነዳ ዳቦው እንኳን እየጮኸ ነው የሚደርሰው» አለኝ። እህቴ ከአልጋዋ ላይ ሳቀች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔም እማዬን ላዘጋጃት በአውቶቡስ ቀደምኩ።

መንገድ ላይ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ። ሜዳው ላይ ፍጥነቱን መካከለኛ አድርጎ ፍጥነት በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል አሰረው፤ መኪናዋ አንዴም ሳትፈጥን፣ አንዴም ሳትዘገይ ሄደች። ቤንዚን እንዳይበላ ኤሲውን አጠፋ። እህቴ ቀስቷን እያየች የልጅነት ጨዋታችንን ስታወራለት ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ክሩዙን ፈታው፤ ክሩዝ ዳገት ላይ ፍጥነቱ እንዳይወርድበት ብሎ ቤንዚን ይምጋል። በእግሩ እያባበለ፣ የጭነት መኪኖች እንኳን እያለፉት መውጣት ጀመረ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ እህቴ «ትንሽ ፈጠን በል» አለችው።

ጌጁን አየ። «ከፈጠንኩ ቤንዚኑ አያደርሰንም፣ እመቤቴ። ትንሽ ታገሺኝ።»

«እሺ» አለች።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ «ልቀቅ» እስክትለው ጠበቀ። ዝም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ራሱ ለቀቀ። እንዳይቀሰቅሳት ፍሬኑን በስሱ እየነካ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሞተሩ ሳይነሳ ወረደ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞላ።

እማዬ ከማለዳ ጀምራ በራፉ ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች። ዓይኗን ስለማታምነው መንገዱን በጆሮዋ ነበር የምትጠብቀው፤ በተሰማ መኪና ሁሉ «መጡ?» ትለኛለች። ያቺ መኪና ግን በባትሪ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ አጠገቧ ቆመች። እማዬ አልሰማቻትም።

«እማማ፣ ደረስን» አላት መስኮቱን እያወረደ።

«ልጄስ?»

«ተኝታለች።»

እማዬ እኔን ተደግፋ ተነሳች። በተከፈተው መስኮት እጇን አስገብታ የእህቴን ጉንጭ ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ከዚያ አንገቷን። እጇ አንገቷ ላይ ቆየ።

«አሁን አይደለም እንዴ የሄደችው?» አለች። «ኧረ ገና ትኩስ ናት! ልጄ እኮ ገና አልቀዘቀዘችም!»

እሱ መሪውን እንደያዘ ወደ እህቴ ዞሮ «ተነሽ እንጂ፣ ደርሰናል እኮ» ይላት ጀመር። ትከሻዋን እንኳ ሲነካት እንዳያማት እየተጠነቀቀ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት ጠላሁት። በኔ አነዳድ ቢሆን ኖሮ እየጮኸችም ቢሆን ትደርስ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምናልባትም ዳገቱን ሳንጨርስ ቤንዚን አልቆብን መንገድ ላይ እንቀር ነበር፤ ማን ያውቃል።

ከቀበርናት በኋላ ለቀስተኛ መግቢያ እንዲያገኝ ብዬ መኪናዋን ከበራፉ ላይ ላነሳ ገባሁ። አስነሳኋት፤ ጌጁ በራ። እንደገና አየሁት። ከሩብ በላይ ቤንዚን ተርፏል። እሱ ሳያየው ላጠፋው ቸኮልኩ፤ ግን ከኋላዬ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ ብሏል። ጌጁን አየው። ቢያለቅስ ደስ ባለኝ።

«ይበቃን ነበር» አለ።

መኪናዋን አጠፋሁ። እሱ ዞሮ ሄዶ በሌላው በር ገባ፤ እሷ አዘንብላው ከነበረው ወንበር ላይ ተጋደመ። እማዬ የመኪናዋን በር ሰምታ ከቤት ውስጥ «ማነው የመጣው?» እያለች ትጣራለች።