የእማማ ጫልቱ ፖስተር

«ይኸው ጀመረህ! ግጥም አንብብልን ነው ያልኩህ እንጂ መርምረን አላልኩህም።»

«መልሺልኛ። ገቢው ይሄድላቸዋል የምትያቸው አረጋውያን መኖራቸውን በዓይንሽ አይተሻል?»

«ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ የባህል ቀን ነው! ተማሪ ይጨፍራል፣ ሰው ትኬት ይገዛል፣ ገቢው ለአረጋውያን መጦሪያ ይውላል። ምኑ ነው የሚያጠራጥረው?»

የእህቴ ልጅ ማህሌት ናት። ትምህርቷን እስክትጨርስ ጎፋ ኮንዶሚኒየም እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ፖስተር አየሁት። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንገቱን የደፋ ሰው ፎቶ ሳይ መጠርጠር ይቀናኛል።

«ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። ቆማ ሰማችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ ጎፋ አንድ ጫማ ሱቅ ውስጥ እውል ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየተከራየሁ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበርና ስንኝ ሲመጣልኝ ከጎፋ እስከ ሀይሌ ጋርመንት በእግሬ እየሄድኩ ነበር የምጨርሰው። አብሮ አደጌ ሄኖክ ወደ ላፍቶ ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የባህል ክበብ ሰብሳቢ ነበር። «ተማሪ ባትሆንም መድረክ እሰጥሃለሁ። ብቻ ሰው የሚያስለቅስ ነገር ጻፍልኝ» አለኝና የዝግጅቱን ፖስተር ሰጠኝ።

ፖስተሩ ላይ አንዲት ባልቴት ቆርቆሮ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ነው። ከሥር «እናታችንን እንታደግ» ይላል። ግጥሙን ስጽፍ ራሴው አለቀስኩ። ጨርሼው ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን ከአጥሩ በላይ ሌላ ነገር ታየኝ፤ ገና ቢጫነቱ ያልለቀቀ የጭድ ክምር። ከብት የሌለው ሰው ጭድ ምን ያደርግለታል? ሴትዮዋን ሄኖክ ራሱ ፈጥሯት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ድሮም የሰው ትከሻ እየያዘ የሚያወራ ሰው አላምንም።

በማግስቱ ፖስተሩን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ላፍቶ በእግሬ ወረድኩ። ጥር ነበር፣ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በአንድ በኩል ያላለቀ ፎቅ ተገትሯል፤ በሌላው በኩል ታጭዳ ያለቀች አንዲት ጠባብ ማሳ ቀርታለች። ፎቶውን ሳሳይ «ወተት የሚሸጡት እማማ ጫልቱ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። አንኳኩቼ ስገባ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጥ ያሉ ሴት በረንዳው ላይ ቆመዋል። እሳቸው ደግሞ ያዩት እጄ ላይ ያለውን ደብተር ነው። ወዲያው ወገባቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ማሳል ጀመሩ።

«ምንም የለኝም፣ ልጄ። አሞኛል። ሰውም የለኝ።»

ከጓሮ አንዲት ላም እምቧ አለች። ሌላዋም ተከተለቻት።

«እማማ፣ ላሞቹ ጠሩዎት» አልኩ።

«የጎረቤት ናቸው።»

ላሚቱ አሁንም ጮኸች። እማማ ጫልቱ ሳቃቸውን ለመዋጥ ከንፈራቸውን ነከሱ። «ልትለካ አይደል የመጣኸው?»

«ምኑን ነው የምለካው?»

«መሬቱን ነዋ!»

ገጣሚ ነኝ ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነው ያመኑኝ። ከዚያ በወይራ የታጠነ ትኩስ ወተት ሰጡኝና ነገሩን አጫወቱኝ። በዚያ ሰፈር ሜትርና ካሜራ የያዘ ወጣት መጥቶ በሄደ ቁጥር የሰው ማሳ ሲጠፋ አይተዋል። የክበቡ ልጆች መጥተው «ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ከማን ጋር ይኖራሉ?» ሲሏቸው ጊዜ ጓዳ ገብተው ደህና ልብሳቸውን አወለቁና አዛባ የሚዝቁበትን ቀሚስ ለበሱ።

«የታመመች አሮጊት ካዩ አዝነው ይተዉኛል ብዬ ነው» አሉ።

ፖስተሩን ሳሳያቸው ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ወተት የሚገዟቸው ሰዎች ሰሞኑን መልስ ሳይቀበሉ የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

«ለሜትር ያለቀስኩትን ለልመና አደረጉት? ለልጄ ሽማግሌ ሊመጣ ነው እኮ! የለማኝ ልጅ ነች ብለው ይመለሱ?»

ለሄኖክ ስነግረው እንደ ልማዱ ትከሻዬን ያዘ። «ስማ፣ ሴትዮዋ አፍራ ነው። ችግሩን የሚናገር ሰው የት አይተህ ታውቃለህ? ወይስ መድረኩን ስትፈራ ሰበብ አገኘህ?»

«ፖስተሩን አውርደው።»

«ግጥምህን ታነባለህ አታነብም?»

የመጀመሪያ መድረኬ ነበር። «አላነብም» አልኩት።

የባህሉ ቀን ደረሰ። ግቢው ቆጮ ቆጮ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሳሪስ ተወልዶ ያደገ ልጅ የተከራየውን ጦር ይዞ፣ አይቶት የማያውቀው ወንዝ ዳር ያደገ ይመስል ይዘላል። ጭፈራው ደስ ይላል፤ እኔ ግን ከኋላ ቆሜ የማየው በሩን ነበር። ሄኖክ እማማ ጫልቱን እንዲያመጡ የላካቸው ልጆች «ቤታቸው የሉም» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለካ እሳቸው ቀድመው መጥተዋል። ጥቁር ካባ ደርበው፣ አንገታቸው ላይ ጨሌ አድርገው፣ ከራሳቸው ትልቅ ፎቶ ሥር ተቀምጠዋል። ከእኔ ሌላ ለይቶ ያወቃቸው ሰው አልነበረም።

ሄኖክ ማይኩን ይዞ ስለ እናታችን ችግር መናገር ሲጀምር ተነሱና ወደ መድረኩ ሄዱ።

«እማማ፣ ይቀመጡ፣ ስለ እርስዎ አይደለም» አላቸው።

«ስለ እኔ ነው» አሉ።

ሰው ሳቀ። ፎቶውን ቀና ብሎ ያየ ግን ሳቁን አቆመ።

«አላመመኝም። ላሞች አሉኝ። መሬቴን ልትለኩ የመጣችሁ መስሎኝ ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። እናንተ ግን ለምን እንደመጣችሁ አልነገራችሁኝም። ብሩን ለተቸገረ ስጡት። እኔን ከዚያ አውርዱኝ።»

ሁለት ልጆች መሰላል አምጥተው አወረዱት። እማማ ጫልቱ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ሄኖክ ገቢው ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል አለ፤ ለማን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያሳዩኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ከሰውየው ጀርባ ወዳለው ነገር ነው።

«ስለዚህ መጠርጠር ክፉ አይደለም» አልኳት ማህሌትን።

ጃኬቷን አንስታ ለበሰች።

«አይተሻል ወይ አልከኝ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያኑን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። አንገታቸውን የደፉት ሽማግሌ እየጸለዩ ነው፤ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ።»

«አልነገርሽኝማ…»

«ስለ ፎቶው አንተ መች ጠየቅከኝ? ያኔ ስትጠረጥር ላፍቶ ድረስ በእግርህ ሄደሃል፣ ጋሼ። አሁን ከሶፋው ሳትነሳ ነው የምትጠረጥረው።»

ፖስተሩን ጠቅልላ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።