ተጠግኖ እንዲመለስልኝ

ሃርድ ዲስኩ የተበላሸው ባለቤቴ በሞተች በዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር ባገናኘሁት ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ውስጡ ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ወራት የተናገረችው ሁሉ አለ። ከዚያ ውስጥ አንዱን፣ በመጨረሻው ቀን ያለችኝን፣ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም ነበር።

እኔ የሰሜን ሰው ነኝ። አርባ ምንጭ በመንግሥት ሥራ መጥቼ፣ ከጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ከሚባል አገር ልጅ አግብቼ፣ ጡረታ የወጣሁትም እዚሁ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የተነጋገርነው በአማርኛ ነው። የእሷን ቋንቋ፣ ጋሞኛን፣ ከሰላምታና ከገበያ አልፌ አልተማርኩም። ለሰው ሳወራ «ልማር ስል ትስቅብኝ ነበር» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ሰነፍኩ፣ የሚያስገድደኝም አልነበረም። እሷ ወደ እኔ መጥታልኛለችና ወደ እሷ መሄድ ምን ያስቸኩለኛል?

ሕመሙ ሲበረታባት አማርኛው ጥሏት ሄደ። ጠዋት ጠዋት እህቷ እየመጣች ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፤ እነሱ ድሮም የሚያወሩት በጋሞኛ ስለሆነ እህቷ ለውጡን አላየችውም። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ዓይን ዓይኔን እያየች በጋሞኛ ታወራኛለች። እኔ ስልኬን ትራሷ አጠገብ አድርጌ እቀዳለሁ፣ ጭንቅላቴንም እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን አስተረጉመዋለሁ እያልኩ ለእህቷ ግን አላሰማኋትም። «ሠላሳ ዓመት ኖሮ ሚስቱ የምትለውን አያውቅም» መባሉን ፈራሁ።

በመጨረሻው ቀን ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ጥያቄ መሆኑ ከፊቷ ገባኝ። መልስ ስትጠብቅ «እሺ» አልኳት። ያላመነችኝ ይመስል እንደገና ጠየቀችኝ። «እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት» አልኳት። እጄን ጨበጥ አደረገችው፣ ግንባሯ ተፈታ፣ ተኛች። ሲነጋ የለችም።

ሰው ለሚሞት ሰው እሺ ብሎ፣ ምኑን እሺ እንዳለ ሳያውቅ እንዴት ይኖራል? እኔ ኖርኩ። ድምጿን ለመስማት አቅም አጣሁና ቀኑን እያራዘምኩ ዓመት አለፈ። ቅጂዎቹን ግን እንደ ሙያዬ አስቀምጫቸዋለሁ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሁሉንም በየቀኑ ቁጥር ሰጥቼ ሃርድ ዲስኩ ላይ አዛወርኩና ከስልኬ ላይ አጠፋሁ። አንድ ሰነድ አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፤ በሁለት ቦታ የተቀመጠ ሰነድ ሲፈለግ ከሁለቱም ይጠፋል እያልኩ ስንቱን ሠራተኛ ስቆጣ ኖሬአለሁ።

ሃርድ ዲስኩን ይዤ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጨዋ ባለሙያ ነው። ሰካው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ነቀለው።

«ጋሼ፣ ይሄ የውስጥ ብልሽት ነው። እዚህ ከከፈትኩት አቧራ ይገድለዋል። ዋራንቲው ግን ገና አራት ወር አለው፤ ለገዙበት ይላኩት» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ውስጡ ያለውን ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገዋል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከጎኔ ሁለት ሰዎች ወረፋ ይጠብቃሉ። አንደኛው የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሰው ነው፤ እንዴት ፋይል እንደሚያዝ ያስተማርኩት። «አለኝ እንጂ!» አልኩ። «እኔ እኮ በዘመኔ አንዲት ወረቀት ከእጄ ጠፍታ አታውቅም።» የቀድሞው ሠራተኛዬ አዎ ብሎ መሰከረልኝ። ባለሙያውም ደስ ብሎት የዋራንቲውን ፎርም ሞላልኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ።

ሞኝ ሆኜ አይደለም፤ የማስበው ነገር ነበረኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ዕቃ በደብዳቤ፣ ቁጥሩ ተጠቅሶ ለጥገና ይላካል፤ ያው ዕቃ፣ ያው ቁጥር ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ፣ ተጠግኖ ይመለሳል። የጽሕፈት መኪናችን ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ዋራንቲ ማለት በነጻ የሚደረግ ጥገና መሰለኝ። ስለዚህ ዋናው ጭንቀቴ መንገዱ ነበር፤ በደህና ይድረስልኝ እንጂ እዚያማ ይሠሩታል።

ለማሸጉ እህቷ መጣች። ከገረሴ እንቁላል እያስመጣች ሲቀላ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ተሰባሪ ነገር በመላክ የሚደርስባት የለም። እኔ ሃርድ ዲስኩን መጀመሪያ የመጣበት ብርማ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ፣ ገመዱን ላዩ ላይ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼው ነበር። አየችና ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ ገመዱን አውጣ። እንቁላል የሚሰብረው መንገድ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው።»

ገመዱን አወጣሁ። ገለባ ላምጣልህ ብትለኝ ብናኙ ይገባበታል ብዬ እምቢ አልኩ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን ከታች፣ ከላይና በአራቱም ጎን በአራት በአራት ጣት ውፍረት አደረግን። ካርቶኑን ዘግታ ጆሮዋ አጠገብ ወዘወዘችው። አልወደደችውም። ከፍታ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ጨመረች፣ እንደገና ወዘወዘች። «አሁን ዝም አለ። ዝም ካለ ይደርሳል» አለችና ፕላስተሩን እኔ እየቆረጥኩላት ዙሪያውን አሸገችው። ምን እንዳለበት አልጠየቀችኝም፤ እኔም የእህቷ ድምፅ ነው አላልኳት። የዚያን ያህል ተጠንቅቃ የጠቀለለችው የእኔ ዕቃ ስለሆነ ብቻ ነው።

ደብዳቤም ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ሃርድ ዲስክ ተጠግኖ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ።» የዕቃውን ቁጥር ጠቀስኩ፣ ፈረምኩ፣ ቅጂውን ፋይል አደረግሁ። ለደብዳቤው እንኳ ቅጂ ነበረኝ።

ከፖስታ ቤት ጥሪ የደረሰኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም፤ እዚያው በረንዳው ላይ በቁልፌ ቀደድኩት። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነው። የእኔ ዕቃ ቁጥር አይደለም። ዕቃው ያብረቀርቃል፣ የጣት አሻራ እንኳ የለበትም። ሰው ተሳስቶ የእኔን ለሌላ፣ የሌላውን ለእኔ ልኮ ይሆናል ብዬ ለሻጩ ድርጅት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በትሕትና አስረዳችኝ። የተበላሸ አይጠገንም፤ በአዲስ ይተካል፤ አሮጌው ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ የእኔም ሄዷል። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አዲስ ነው የተላከልዎት» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ስነግረው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ኮፒ አለኝ ብለውኝ ነበር እኮ። የለኝም ቢሉኝ ኖሮ ዋራንቲው ይቅርብዎት እል ነበር። አዲስ አበባ ከተበላሸ ዲስክ ፋይል የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ነበር የምልክዎት።»

ያን ዕለት ወረፋ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ብዋሽም የሚመሰክርልኝ አልነበረም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሰውየው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

በማግስቱ እህቷ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አዲሱን ዕቃ ስታየው፣ «ደረሰ? አልተሰበረም?» ብላ በደስታ አነሳችው። ያን ጊዜ ነገርኳት። ቅጂውን፣ ከሰዓት በኋላዎቹን፣ ሁሉንም።

«በጋሞኛ? ላንተ?» አለች።

«አማርኛው ጠፍቶባት ነበር። በመጨረሻው ቀን የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ዕቃውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ለእኔ ትነግረኝ ነበር» አለች። «ገረሴ ውሰዱኝ፣ እናታችን አጠገብ ቅበሩኝ ትላለች። ግን ባሌ ሳይፈቅድ አይሆንም፣ ራሴ እጠይቀዋለሁ፣ አንቺ አፍሽን እንዳታነሺ አለችኝ። አንተ እዚህ ስታስቆፍር፣ ጠይቃህ እምቢ ብለሃት ነው ብዬ ዝም አልኩ። የባልና የሚስት ነገር ነው አልኩ።»

«ዓመት ሙሉ እንደዚህ እያሰብሽ ነው ቤቴ የምትመጪው?»

«ታዲያ ማን ይጠይቅህ?»

ያቺ የመጨረሻ ጥያቄ ይህችው የገረሴዋ ትሆን እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኔ አልነበርኩም ጋሼ። ሌላ ነገርም ይሆናል» አለችኝ። ደግ ሴት ናት። ተነሥታ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ሁለታችንም አልበላንም።

ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ውሃ ጠይቃኝ ይሆናል፤ መስኮቱን ዝጋው ብላኝም ይሆናል። ለውሃና ለመስኮት ግን ሰው ሁለት ጊዜ አያስምልም፣ እጅም እንደዚያ አይጨብጥም። ገረሴ እወስድሻለሁ ብያት አምናኝ ተኛች። እኔም በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ቀበርኳት፤ ቅርቤ እንድትሆን፣ በየቀኑ ሄጄ እንዳወራት ብዬ።