አመድ የሌለው እሳት

ሙኩካ እስከ አርባ ሁለት ዓመቱ ድረስ ሙኩካ ብቻ ነበር። እኛ ቤምባዎች ዘንድ ሰው ከወለደ በኋላ በገዛ ስሙ አይጠራም፤ «ባሺ እከሌ»፣ የእከሌ አባት፣ ይባላል፤ ሚስቱም «ባና እከሌ» ትባላለች። ያልወለደ ሰው ግን ጠጉሩ ሸብቶም ስሙን እንደ ጎረምሳ ተሸክሞ ይዞራል። በነርስነት ተመድቤ ከቻምቤሺ ወንዝ ማዶ ቺፑንዱ መንደር የገባሁ ሰሞን፣ ሴቶቹ ካሳቫቸውን ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፉ «ጥቁሩ ሙኩካ ከሰል እንጂ ልጅ አይወልድም» ሲሉ ሰምቼ አብሬ ስቄአለሁ።

ከሰል አክሳይ ነበር። እንጨቱን ይከምራል፣ በሣርና በአፈር ይደፍነዋል፣ በአንዲት ቀዳዳ እሳት ያስገባና ከዘጠኝ ቀን በላይ ይጠብቀዋል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ያ ሁሉ ድካም አመድ ይሆናል። ሌሎቹ አክሳዮች በአራተኛው ቀን መጠጥ ፍለጋ መንደር ይገባሉ። እሱ ግን ሚስቱ ምግብ ካላመጣችለት ጦሙን ያድራል እንጂ ከክምሩ አይርቅም።

ልጅቷ የተወለደችው በእኔ እጅ ነው። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ነበር ያዋለድኩት፤ ያኔ ክሊኒኩ መብራት አልነበረውም። «ናቶቴላ» አሏት፣ «አመሰገንኩ» ማለት ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ሰውየውን ማን ይቻለው! ባሺ ናቶቴላ ካላሉት አይዞርም። አንዱ ተሳስቶ «ሙኩካ!» ብሎ ሲጣራ፣ «ሙኩካ ከሰል ሊሸጥ ሄዷል፣ አይመለስም» አለውና መንደሩ ሁሉ ሳቀ።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት የፀሐይ መብራት መጣ። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ያለው ሜዳ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ሰሌዳ ተሸፈነ፣ አጠገቡ የባትሪ ቤት ተሠራ። መሐንዲሶቹ ጠባቂ የሚሆን የተማረ ወጣት ስጡን አሉ። የመንደሩ ሹም፣ ሽማግሌው ካፖትዌ፣ አሻፈረኝ አሉ።

«የተማረውማ በሦስተኛው ወር ጫማውን ወልውሎ ከተማ ይገባል» አሉ። «እኔ የምፈልገው እሳት እየጠበቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ባሺ ናቶቴላን ውሰዱት።»

ሥልጠና ሄዶ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ተመለሰ። በየማለዳው ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ የባትሪዎቹን ልክ ያነብባል። ጥቁረቱ ከጥፍሩ ሥር ለቆ አያውቅም። መብራቱ የተመረቀ ዕለት ሹሙ አምፖሉን አሻቅበው አይተው፣ «ይኸው አመድ የሌለው እሳት ለማየት በቃሁ! ስሞት ከሌላው እሳት ጋር ይሄንንም አጥፉልኝ፣ አደራ» አሉ። እኛ ሳቅን። ሹም ሲቀበር የመንደሩ እሳት ሁሉ እንደሚጠፋና አዲስ እሳት እንደሚጫር የማያውቅ የለም፤ ሰው የሳቀው አምፖሉ ከምድጃ ጋር መቆጠሩ ገርሞት ነው። ባሺ ናቶቴላ አልሳቀም። እሱን ሰው ያደረጉት ሹሙ ናቸውና አደራውን ተቀበለ።

ለእኔ ያ መብራት ምን እንደሆነ መናገር ይከብደኛል። ክሊኒኩ የክትባት ማቀዝቀዣና የኦክስጅን ማሽን አገኘ። ከዚያ በፊት ሳንባቸው የታመመ ሕፃናት እቅፌ ውስጥ እየጠቆሩ ሲሄዱ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ሰማያዊ ሆነው ገብተው እያለቀሱ የሚወጡ ልጆች አየሁ። ባሺ ናቶቴላ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና «ይተነፍሳል» ይላል፣ ልጁን ይሁን ማሽኑን ሳይለይ።

ሹም ካፖትዌ ያረፉት ናቶቴላ አራት ዓመት በሞላት በብርዱ ወር ነው። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ባሺ ናቶቴላ ክሊኒኩ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሲስተር፣ ሰው አለ?»

«የለም፣ ባሺ ናቶቴላ። የታመመውም የዳነውም ለቅሶ ቤት ነው።»

«ሬሳው ሲወጣ እሳት ይጠፋል። የእኔንም ላጠፋው ነው፤ የሹሙ አደራ አለብኝ። አዲሱ እሳት እስኪጫር ብቻ ነው። መድኃኒትዎ ይበላሽ ይሆን?»

«ማቀዝቀዣው ካልተከፈተ እስከ ነገ ይቆያል። ያጥፉት» አልኩት።

ያጥፉት አልኩት። በገዛ አፌ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ባና ናቶቴላ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጅቷን ሁለት ቀን ሲያስላት ነበር፤ በለቅሶው ግርግር ጉንፋን ነው ብለው አልፈውታል። የጎድን አጥንቷ በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። መርፌ ወጋኋት፣ ኦክስጅኑን አፍንጫዋ ላይ ሰካሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከንፈሯ መልኩ ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ ማሽኑን አየችና፣

«የአባዬ እሳት ነው?» አለች።

«አዎ፣ የአባዬ ነው» አለቻት እናቷ።

«አባትየውን እናስጠራ?» ስላት ባና ናቶቴላ እንቢ አለች። «ሹሙን እየቀበረ ነው። ለምን እናስደንግጠው? ደህና ሆናለች እኮ።» እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። የጠዋቱን ንግግር ረሳሁት። ሰበብ አልፈልግለትም፤ ረሳሁት፣ አለቀ።

አሥር ሰዓት ላይ ከለቅሶ ቤት ከበሮው ተመታ፣ ዋይታው ተነሣ። ማሽኑ ቀጥ አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«ሩጪ!» አልኳት እናቲቱን። «ባትሪ ቤት! ከሌለ መቃብር! አብራ በይው!» እኔ ልጅቷን መተው አልቻልኩም። በእጅ የሚጨመቀውን ከረጢት አፍና አፍንጫዋ ላይ ደፍቼ መጭመቅ ጀመርኩ። ዘበኛም ጽዳትም ቀብር ሄደዋል፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከረጢቱ ተራ አየር እንጂ ኦክስጅን የለውም። ከንፈሯ እንደገና ሲጠቁር አየሁ። በአንድ እጇ ጣቴን ይዛ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀችው። እኔ ግን ጨመቅኩ፣ ጨመቅኩ።

ባትሪ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። እሱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ከሬሳ ተሸካሚዎቹ ጋር ወርዷል። ባና ናቶቴላ መቃብሩ አፋፍ ላይ ደርሳ ነው የጮኸችው።

መብራቱ ሲመለስ ልጅቷ አልፋ ነበር። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ መሥራት ጀመረ፤ እኔም ላጠፋው አላሰብኩም። ባሺ ናቶቴላ የመቃብር አፈር እንደነካው በሩ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የሰማው ማሽኑን ነው። ፊቱ ፈካ አለ።

«ይተነፍሳል» አለ። «ደርሻለሁ አይደል ሲስተር?»

 እጄን ዘርግቼ ማሽኑን አጠፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ላይ፣ አዲሱን እሳት የምትጭረው አሮጊት ባና ንካንዱ አልቻለችም፣ ተነሣችበት። «ማን አጥፋ አለህ? እሳት አመድ አለው! አመድ የሌለውን ማን እሳት አለው? ሹሙኮ ቀለዱ! የሞተ ሰው ቀልድ ይዘህ ልጅ ትገድላለህ?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ክሊኒኩ ውስጥ ሰው መኖሩን ሳትጠይቅ ነው ያጠፋኸው?» አለው።

 ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። እኔ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነበር። ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ፤ ለቅጽበት ነው፣ ከዚያ መለሰው።

«አልጠየቅኩም» አለ።

አሁን በሉ እንግዲህ፣ አፍ ያለኝ ሴት አይደለሁም? ባል በሚስት ላይ እጁን ሲያነሣ ደጃፉ ድረስ ሄጄ የምሳደብ፣ ለሐኪም አለቃ እንኳ የማልመለስ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን «ጠይቆኛል» ሳልል ቀረሁ። ልጅቷ አርባዋ ሳይወጣ ሚስቱ ዕቃዋን ሸክፋ እናቷ መንደር ገባች። ሰውም የልጅቷን ስም መጥራት ከበደውና እያዘነለት «ሙኩካ» ይለው ጀመር። እሱም ይዞራል። አቤት ይላል።

ከወራት በኋላ ሰሌዳዎቹ መሃል አግኝቼው፣ «ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ልናገር ነው። እርስዎ ጠይቀውኛል፣ ያጥፉት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ጨርቁን ጨመቀው። «ሲስተር፣ ይሄን ቢሰሙ ልጆቻቸውን ይዘውልዎት ይመጣሉ?» አለ። «ወደ ሥራይ አዋቂው ነው የሚሄዱት። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። መንደሩም ሌላ ነርስ የለውም። ይተዉት።»

ተውኩት። አምስት ዓመት ተውኩት። ፈሪ ሰው ሰበብ ከተሰጠው ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ነርስ ተመደበችልን። መንደሩ ሌላ ነርስ አገኘ ማለት ነው፤ ሰበቤ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ጋ ገና አልሄድኩም፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት የልጅቷ እናት ናት። ብስክሌት ተውሼ ባና ናቶቴላ ወዳለችበት ሄድኩ። ካሳቫ ስትወቅጥ አገኘኋት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መውቀጧን አላቆመችም።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መጠየቁን። ሃያ ዓመት ከክምሩ አጠገብ ምግብ ያመላለስኩለት ሰው እኮ ነው። ሳይጠይቅ እሳት አይነካም። እንዲነግረኝ ጠበቅኩ፣ እንዲነግረኝ። ለእኔ ለብቻዬ እንኳ ዋሸኝ። ያኔ ነው የወጣሁት።» ትንሽ ወቀጠችና፣ «አሁን ማን ይሉታል?» አለች።

«ሙኩካ» አልኳት።

ዘነዘናው እጇ ላይ ቆመ። «እሱ ሙኩካ ከሆነ እኔ ማነኝ?» አለች። «ልጅቷ አልተወለደችም? አላሳደግናትም? ስሙን አትውሰዱበት፣ ሲስተር።» ከዚያ በኋላ ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አልተመለሰችም። እመለሳለሁም አላለችኝም።

ከቀብሩ ቀን ወዲህ እሱ መብራቱን አጥፍቶት አያውቅም። ግን በየማለዳው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ክሊኒኩ በር ላይ ይቆማል። ዛሬም መጣ።

«ሲስተር፣ ሰው አለ?»

አልጋዎቹ ባዶ ነበሩ። መልሱ ያው የዚያን ቀን ጠዋት የመለስኩት ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ስሙን ጨምሬ ለመጥራት ግን አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«የለም፣ ባሺ ናቶቴላ።»

በሩን ይዞ ቆመ። ከዚያ አልፎኝ ገባ፣ ባዶዎቹን አልጋዎች አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ አየ።