የእትዬ ዘሐራ የወተት ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ባጃጅ ጠጋኝ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ትሪ ላይ ዘርግፎ በእጁ ሲያምሳቸው፣ ያ ድምፅ ጆሮዬ ገባና ባለሁበት ቆምኩ። ሰውየው «እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?» ቢለኝ ምን ልበለው፣ አባቴ ድንጋይ ሲለቅም የሰማሁ መስሎኝ ነው ልበለው? አባቴ በገበያ ቀን ማለዳ ድንጋዮቹን ልክ እንደዚያ በትሪ ላይ አፍስሶ፣ በመዳፉ እያገላበጠ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው ይለይ ነበር፤ እኔም ከእንቅልፌ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋ ሜዳ የሚጀምርበት ዳር ላይ ነበር። አባቴ እንደ ሰው ሁሉ ማሽላም ጤፍም ያርስ ነበር፤ በጋ ገብቶ ወንዞቹ ሲጎድሉ ግን ማረሻውን ሰቅሎ ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል፣ ከቦርከና ገባሮች አሸዋ ውስጥ ይለቅማል፣ ግመል እየነዱ ከቆላ ከሚመጡ አፋሮችም በእህል ይለውጣል፣ ከዚያ ሰንበቴ ከብት ገበያ ጥግ ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ ይሸጣል። እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ሥራ ነበረው። ቀዩ አቂቅ በብር ቀለበት ላይ ተሰክቶ ደም ያቆማል ይባል ስለነበር ነስር የሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎች ከጣታቸው አያወልቁትም ነበር። ውሃ የሚመስለው ደግሞ ሳይቀልጥ የቀረ በረዶ ነው ተብሎ፣ በጣሳ ተነክሮ ያድርና ዓይኑን የሚያመው ሰው በዚያ ውሃ ይታጠባል። ወይን ጠጁ ለሚቃዥ ሰው ትራስ ሥር ይገባል፣ ጭስ የመታው የሚመስለው ቡናማ ለቡዳ መከላከያ ጊደር አንገት ላይ ይታሰራል። ቡላድ ብቻ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረውም፤ ከብረት ጋር ሲጋጭ እሳት ይተፋል፣ በቃ። አባቴም «ከነዚህ ሁሉ የማይዋሸው ይሄ ነው» እያለ ከሁሉም አብልጦ ያከብረው ነበር። የሰፈራችን ሼህ አንድ ቀን «ጠቃሚውም ጎጂውም አላህ ነው፣ ድንጋይ ምን ያውቃል?» ብለው ቢገሥጹት፣ «እኔ ድንጋይ ነው እንጂ ዱዓ አልሸጥም፣ ሼኼ» ብሏቸው እሳቸውም እየሳቁ ሲሄዱ አስታውሳለሁ።

በአባቴ ትሪ ላይ የማይገኝ ግን አንድ ድንጋይ ነበር። በኦሮምኛ ደጋ አነኒ ይሉታል፣ የወተት ድንጋይ ማለት ነው፤ የምታጠባ ሴት በክር አስራ በጡቶቿ መሃል ታንጠለጥለዋለች፣ ወተት ይጠራል ተብሎ። ነጭ ድንጋይማ በየወንዙ ሞልቷል፤ ሴቶቹ እንደሚሉት ግን ከገበያ የተገዛ ድንጋይ አይሠራም፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ ጡት የለመደ መሆን አለበት። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ድንጋይ የነበራት ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ነበረች፣ ከአያቷ የወረሰችው። «ልክ እርጎ ነው የሚመስል፣ በጎኑ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች ቀይ መስመር አለችው» እያለች ከጠፋ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ስታወራለት እሰማ ነበር።

የጠፋበትንም ታሪክ ልጅ ሆኜ በቃሌ አውቀው ነበር። እናቴ ጦይባ ከእኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ወተቷ ደርቆ፣ ልጁ ዳዴ ሳይል ሞቷል። እኔ ስወለድ እትዬ ዘሐራ ድንጋይዋን ከአንገቷ ፈትታ «እኔ እስክወልድ ያዥው» ብላ አሰረችላት፣ ወተቱም መጣ። ዳዴ ማለት ስጀምር እትዬ ዘሐራ ሙሄን ወለደችና ድንጋይዋን ብትጠይቅ፣ እናቴ ቦርከና ወርጄ ልብስ ሳጥብ ክሩ ተበጥሶ ውሃ ወሰደው አለቻት። እትዬ ዘሐራም «አንቺን አይውሰድሽ እንጂ ድንጋይ ምን አላት» ብላ ተወችው። አባቴ ከትሪው ነጭ ነጩን መርጦ በነፃ ቢሰጣትም አንዱም አልሠራም፤ የአራስ ትኩሳት ያዛትና ጡቷ ጭራሽ ደረቀ። ሙሄ ሲመነምን እናቴ ሄዳ አቅፋ አመጣችው፣ እኔን በግራ እሱን በቀኝ አድርጋም ሁለታችንንም አጠባችን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በነቢያችን አጥቢ እናት ስም «የኛ ሐሊማ» ይላት ጀመር። እሷ ግን በዚያ ስም ስትጠራ ያልሰማች ትመስል ነበር፤ ደጋግመው ካልጠሯት አቤት አትልም።

ማሽላው እሸት በሚሆንበት ሰሞን ደግሞ ሙሄን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እናቴ እሸቱን ጠብሳ፣ አሽታ፣ እፍ ብላ የመጀመሪያውን እፍኝ የምትሰጠው ለእሱ ነበር፤ እኔ፣ የወለደችኝ ልጅ፣ እጄን ዘርግቼ ቆሜ። የወለደችው እሱን ነው ወይስ እኔን እያልኩ አኮርፋለሁ፣ አሳቻ ቦታ ሳገኘውም እቆነጥጠዋለሁ፤ እሱ የዋህ ስለነበር አይናገርብኝም። ዒድ ሲሆን እትዬ ዘሐራ ከምታሳርደው በግ ደህና ደህናውን ሥጋ በሰፌድ ይዛ ትመጣና «ይሄ የልጄ እናት ድርሻ ነው» ብላ በሰው ፊት ታመሰግናት ነበር። እናቴ ምስጋና ሲመጣ ድንገት ሥራ ይበዛባታል፣ ወይ እንጨት ልታመጣ ትወጣለች፣ ወይ ጥጃው ተፈታ ትላለች። ሰው ትሕትና ነው ይል ነበር፣ እኔም እንደዚያው።

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል በገባው ክረምት ቦርከና ከአፉ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ውሃ አለበሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዝናብ ደብድቧት ከማሳ ገባችና፣ እየተንቀጠቀጠች ልብሷን ስትቀይር መቀነቷን ወርውራ «ጭመቂልኝ» አለችኝ። እየጠመዘዝኩ ስጨምቅ ከጨርቁ መሃል አንድ ጠጣር ነገር እጄን ወጋኝ። የድንጋይ ነጋዴ ልጅ ነኝና ሳንቲም አለመሆኑን በጣቴ አወቅሁ፤ ስፌቱን በጥርሴ ፈትቼ ሳወጣው እርጎ የመሰለ ነጭ ነው፣ ጎኑን ሳዞረው ያቺ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች ቀይ መስመር አለች።

«እማ፣ ይሄ የእትዬ ዘሐራ ድንጋይ አይደል?» አልኳት፣ የጠፋ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ።

እናቴ መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። ከዚያ እርጥብ ፀጉሯ ፊቷ ላይ እንደተለጠፈ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ድንጋዩን ከእጄ ወሰደችው።

«ውሃ አልወሰደውም፣ ሐዋ» አለችኝ። «ወንድምሽ እዚህ እጄ ላይ ነው እንደ ቅጠል የደረቀው። ዘሐራ ስትጠይቀኝ አንቺ ጡቴ ላይ ነበርሽ፣ አየሁሽና አፌ ዋሸ። የሷ ወተት እምቢ ሲል ልመልስላት ፈለግሁ፤ ግን ያኔ ሁለታችሁም እኔ ላይ ናችሁ፣ መልሼው ወተቱ ቢሄድስ ሁለታችሁንም ልቅበር? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀረ። ሐቋ ነው። ወገቤ ላይ ታጥቄው የምዞረው የዘሐራ ሐቅ ነው።»

ሐቅ በእኛ ቤት ቀላል ቃል አልነበረም። አላህ በራሱ ላይ የተሠራውን ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ፣ ማለት በአንደበቱ ይቅር ካላለ፣ እስከ ወዲያኛው ዓለም ይከተላል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እናቴ በዚያ በርጥብ ልብሷ ስትንቀጠቀጥ የፈራሁት በብርዱ እንዳትታመም አልነበረም፣ ጀሃነም እንዳትገባ ነበር፤ ያውም በእኔ ምክንያት። «አልናገርም» አልኳት። መቀነቷን መልሼ የሰፋሁላት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሙሄን መቆንጠጥ ተውኩ። እሸቱን ሳይጠይቀኝ አስቀድምለታለሁ፣ ሩጫ ስንሮጥ አውቄ እቀድመው የነበርኩት ልጅ አውቄ ወደኋላ እቀራለሁ፣ ከብት ማሳ ገብቶበት ሊገረፍ ሲል እኔ ነኝ እላለሁ። እሱ፣ ምስኪን፣ «ሐዋ ትፈራኛለች» እያለ ለልጆች ይኩራራ ነበር። መፍራቱንስ እፈራው ነበር፤ ስቆ ባየኝ ቁጥር ወተቱን የጠጣሁበት ይመስለኛል።

አድጌ ከሚሴ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ የአባቴ ትሪ ላይ የነበሩት፣ አቂቁም ወይን ጠጁም ያ ሳይቀልጥ የቀረ በረዶም ቡላዱም፣ ሁሉም ኳርትዝ የሚባል የአንድ ድንጋይ ዘር መሆናቸውን ተማርኩ። አባቴ ሞቶ ነበር እንጂ ይሄን ብነግረው ይስቅ ነበር። ለእናቴ ግን መድኃኒት ያገኘሁላት መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ የእትዬ ዘሐራን ጡት ያደረቀው ትኩሳቱ ነው፣ ድንጋይ ወተት አያመጣም አይወስድም፣ ስለዚህ የወሰድሽባት ነገር የለም አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ይሁን፣ አንቺ ተምረሻል» አለች። «እኔ ግን ስደብቀው ድንጋይ ነው ብዬ አልነበረም፣ ወተት ነው ብዬ ነው።»

አምና በበጋው እናቴ ታማ እኔ ቤት ተኛች። አገር ምድሩ እየመጣ ከእሷ ጋር አውፍ ሲባባል፣ እትዬ ዘሐራም ከሙሄ ጋር በባጃጅ መጣች። እናቴ እጇን ይዛ «ዘሐራ፣ አውፍ በይኝ፣ ሐቅሽ አለብኝ» አለቻት።

«ምን በድለሽኝ? ልጄን ከሞት ያወጣሽልኝ» አለች እትዬ ዘሐራ።

«ድንጋይሽ…» ብላ ጀመረች እናቴ።

«ወይ ጦይባ፣ ዛሬም ያንን ድንጋይ? ውሃ ለወሰደው ነገር ስትጨነቂ ኖርሽ? አውፍ ብያለሁ፣ ለዱንያም ለአኺራም አውፍ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እናቴ ዓይኗን ወደኔ መለሰች። ንገሪያት ማለቷ ይሁን ተይው ማለቷ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ አረፈች። መቃብሯ ውስጥ ወርዶ ያስተኛት ሙሄ ነው፣ ያጠባችው ልጇ ነውና ከእሱ የሚቀድም አልነበረም። ሲመለስ ጉልበቱ አፈር እንደሆነ እኔን አቅፎ «እናታችን» ብሎ ሲያለቅስ፣ ይሄን ነገር ከዚህ በላይ ይዤ መኖር አልችልም ብዬ ወሰንኩ።

ተዕዚያው፣ ለቅሶ መድረሱ፣ አልፎ ሰው ከተበተነ በኋላ ድንጋዩን ከመቀነቷ ፈትቼ እትዬ ዘሐራ ቤት ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ጤፍ እያበጠረች ነበር፤ «አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ድንጋዩን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ዓይኗ ደክሟል፣ አላየችውም፤ በአውራ ጣቷ ጎኑን፣ መስመሯ ያለችበትን፣ ደጋግማ ዳበሰች። ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ እናቴ እንደነገረችኝ። መጨረሻ ላይም፣ ምን አለ ያኔ ብቆርጠው ይሄን ምላሴን፣ «ደግሞ እኮ እትዬ፣ ድንጋይ ወተት አያመጣም፣ ትኩሳቱ ነው» አልኳት።

«ለእናትሽ መጥቶላት የለ?» አለችኝ።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

«ሙሄ አንድ ልጄ ነው» አለች። «ከሱ በኋላ አልወለድኩም፤ ጡቴን የያዘ ልጅ የለኝም። ሲርበው የሚያለቅሰው ወደናንተ ቤት ዞሮ ነበር። እኔ እናንተ በር ላይ ቆሜ፣ ጠጥቶ ሲጠግብ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ እናትሽንም አመሰግናለሁ። እንዲያ ነው ያሳደግሁት።» ድንጋዩን ጨብጣ፣ በሌላው እጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። «አውፍ ያልኩት ውሃ ለወሰደው ነው፣ ሐዋ» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ልጅ ሳለሁ እናቴ የምትሸከመው ነገር ቢነገር የሚቀልላት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን አውፍ ተብላ ነው የተቀበረችው፤ አፈር ከለበሰች በኋላ አውፍታዋን ያስመለስኩባት እኔ ነኝ። ሙሄ እስካሁን ምንም አልሰማም፣ አልነገረችውም፤ ከመስጊድ ሲመለስ በመቃብሯ በኩል አልፎ ይደውልና «እማን ዘይሬያት መጣሁ» ይለኛል፣ እኔም አላህ ይቀበልህ እለዋለሁ። በየጁምዓው እትዬ ዘሐራ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ውሃ ትሰጠኛለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ጤፏን ማበጠር ትቀጥላለች። ድሮ የእናቴን ስም በመልካም ሳታነሣ ውላ አታድርም ነበር፤ አሁን እኔ ላነሣው ስል ነገር ትቀይራለች።