ጣት የሌለው ክራር በሁዳዴ

«ኮምፒውተር ጾም የለበትም ነው የምትለኝ?»

«እኔ አልመታሁም ነው የምለው፣ እትዬ። ክራር እንኳ የለኝም። ክፍሉን ይፈትሹ።»

አከራዬ ደጃፌ ላይ እንደቆሙ ክፍሉን በዓይናቸው ፈተሹ። የሚፈተሽ ብዙ አልነበረም። ማራኪ ሰፈር ውስጥ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔ ነበር። እንዳይግል ብዬ ከሥሩ አራት የግጥም መጻሕፍት ደርድሬለታለሁ። ግጥም ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማሳየው እሱን ነው።

«ታዲያ ሳምንት ሙሉ ከዚህ ቤት ትዝታ የሚመታው የቱ ኮምፒውተር ነው?»

«እሱ» አልኩና ላፕቶፑን አሳየኋቸው።

ቀን ቀን ለፒያሳ ሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ፕሮግራም መጻፍንም ግጥም መጻፍንም ያስተማረኝ የለም፤ ሁለቱንም እያበላሸሁ ነው የለመድኳቸው። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የክራርን ድምፅ በቁጥር የሚፈጥር ፕሮግራም ጀምሬ ነበር። አንድ ክር ሲነካ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥና ድምፁ እንዴት እየሳሳ እንደሚጠፋ ከጻፉለት፣ ኮምፒውተሩ ይመታዋል። ግጥሞቼን የሚያነብልኝ ስላጣሁ፣ ዜማ ቢኖራቸው የሚሰማቸው ይገኛል ብዬ ነው።

በሁዳዴ ግን ክራርም ማሲንቆም ይሰቀላል። እስከ ፋሲካ የሚደረደረው በገና ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ሕጉ ለጣት የወጣ መስሎኝ ነበር።

«ጎረቤቱ የማን ቤት ነው የሚለው? የእኔ» አሉ እትዬ። «ወይ ዝም አስብለው፣ ወይ ሌላ ክፍል ፈልግ። እሑድ መልስህን እሰማለሁ።»

መካነ ብርሃን ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ አንዴ የተናገሩትን አይደግሙም። ተማሪው ሁሉ ገብቶ ባለቀበት ወቅት ደግሞ ማራኪ ውስጥ ሌላ ክፍል አይገኝም።

ላጠፋው እችል ነበር። የሚሠራ ነገር ማጥፋት ግን አይሆንልኝም፤ እለውጠዋለሁ። ስድስቱን ክሮች አሥር አደረግኋቸው፣ አወፈርኳቸው፣ በበገና ክር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚያመጣውን ንዝረት ጨመርኩባቸው። የፍቅር ግጥሜን ትቼ ጸሎት የሚመስል ጻፍኩ። ድምፄ ስለማያምር ቀድቼ እሱንም አወፈርኩት። የሽማግሌ ድምፅ ወጣው።

እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከፈትኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። መሀል ላይ አማተቡ። ግጥሜን ሰምቶ ያማተበ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ሸጋ ነው» አሉ ሲያበቃ። «ማን ናቸው አባታችን?»

«የትኛው?»

«የሚደረድሩት።»

የአንድ ሽማግሌ ስም ብፈጥር ክፍሉ በእጄ ነበር። ግን በስንት ጊዜዬ ያገኘኋትን አንዲት አድማጭ ለሌለ ሽማግሌ መስጠት ከበደኝ።

«ሽማግሌ የለም፣ እትዬ። ድምፁ የእኔ ነው፤ አወፈርኩት። በገናውም ያው ላፕቶፑ ነው።»

ላፕቶፑን አዩት። ከዚያ መጻሕፍቱን። ከዚያ ጥግ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት አዩ።

«ማንም አልጸለየም ማለት ነው።»

«እንደዚያ… አዎ።»

«እኔ እኮ አማትቤያለሁ።»

«አይቻለሁ።»

«ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ፣ ልጄ? ክራሩ ይሻል ነበር። ክራሩ ዘፈን ነው፤ ሌላ ነኝ አላለም።»

«ልመልሰው?»

«እንዳትመልሰው።»

ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሡም። ላፕቶፑን በአገጫቸው እያመለከቱ «ቃሉስ? ቃሉም የሱ ነው?» አሉ።

«ቃሉ የእኔ ነው።»

«እስቲ እሱን ዝጋውና ራስህ በለው።»

ዘጋሁት። ሰው ፊት ግጥም ብዬ አላውቅም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ኪሴ ከተትኩት፤ ጸሎት መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ አወጣሁት።

ደጅህን አንኳኳሁ ሰው እንዳያየኝ፣
ብትከፍትስ ምን ልል፤ ቃሉ ጠፋብኝ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። እትዬ አላማተቡም።

«ይኸው ነው?»

«ሌላም አለ። ሌላው ግን በበገና ነው የሚያምረው።»

«እሱንስ ተወው።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱ እስከ ፋሲካ ዝም ይበል» አሉ። «አንተ ግን እንዲህ በአፍህ ብትል ጎረቤትም አይከፋውም። ክፍሉን ለሌላ ሰው አላሳይም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ቅርፊቱን ደግሞ ጠቅልለህ ጣለው።»

የክፍሌ በር መሬቱን ስለሚታከክ ከፍ ካላደረጉት አይገጥምም። እትዬ እስከዚያ ቀን ሲወጡ ወለል አድርገው ትተውት ነበር የሚሄዱት። አሁን ወጥተው እጀታውን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉና ዘጉት።